በሰርግ ማታ በሰማይ ያለፉት መብራቶች

እስቲ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ያስቃል። ሳቁ፤ አልከለክላችሁም። ስትስቁ ግን ጆሯችሁን እንዳትዘጉብኝ።

አንዲት ሴት ነበረች። ባለትዳር፣ የልጆች እናት፣ ጾሟን የምትጾም፣ ጸሎቷን የማታስታጉል፣ ጎረቤት ሲቸገር ፈጥና የምትደርስ። ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ወዲያው እንዳትፈርዱባት ነው። ይህች ሴት አንድ ቃል ከአፏ ካወጣች ዓመታት አልፈዋል። ምን የሚል ቃል ይመስላችኋል? «እትዬ» የሚል ቃል።

ታላቅ እህት አለቻት። አንድ ጡት የጠቡ፣ በአንድ ቁርበት ላይ ተኝተው ያደጉ እህትማማቾች ናቸው። ታናሺቱን ጠጂቱ እንበላት፤ ታላቂቱን የሺመቤት። ጠጂቱ አፏን ከፈታች ጀምሮ ታላቋን «እትዬ» ስትል ነው ያደገችው። አሁን ግን «እትዬ» ቀርቶ በስሟም አትጠራትም። ሰው ነገሩን ካነሳባት «ያቺ ሴትዮ» ትላታለች።

ምን ሆነው ነው?

ጠጂቱ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በባሏ አገር ነው። ከእናቷ ቤት ግማሽ ቀን ያስኬዳል፤ ገደል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ደግሞ ገደል ወጥቶ። እሷ አራስ ቤት ሳለች እናቷ ታመሙ። እናትየው የሚኖሩት ከታላቂቱ ጋር ነበር። ሕመሙ ብዙም አላቆያቸውም፤ ዐረፉ። ተቀበሩ፣ ተለቀሰላቸው። ለጠጂቱ ግን የነገራት የለም። ከዚያ በኩል የሚመጣው ሰው ሁሉ «ደህና ናቸው፤ አይዞሽ፣ ብዪ፣ ጠጪ» ይላታል። እሷም ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ልጇን እያየች ትስቃለች። ልጁ ክርስትና ከተነሣ በኋላ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች መጥተው መርዶውን ነገሯት።

«እናቴ አፈር ስትለብስ እኔ ገንፎ እየበላሁ እስቅ ነበር!» ብላ ጮኸች።

ይህን ቃል የሰማ ሁሉ እስከ ዛሬ አይረሳውም። ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ «እንዳይነገረኝ ያደረገው ማን ነው?» አለች።

«እህትሽ ናት» አሏት።

በቃ። ያን ቀን ልቧ ተዘጋ።

ታላቂቱ አንድ ጊዜ ልታስረዳት ያንን ሁሉ ገደል ወርዳ ወጥታ መጣች። ጠጂቱ በሩን አልከፈተችላትም። የሺመቤት ደጅ ላይ ቆማ፣ ቆማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ እሷም በተራዋ ኮራች። «ሁለተኛ ደጇን አልረግጥም!» አለች። ቂም እንዲህ ነው፤ ከአንድ ሰው ተነሥቶ ሌላውንም ይይዛል። መጀመሪያ አንዷ ነበረች የተቀየመችው፤ አሁን ሁለት ሆኑ።

ያ ያኔ የተወለደው ልጅ አደገ፤ ትምህርት ቤት ገባ። እህትማማቾቹ ለቅሶ ላይ ይገናኛሉ። በበዓል ወንድማቸው ቤት ይገናኛሉ። አንዷ ወደ ሳሎን ስትገባ ሌላዋ ወደ ጓዳ ትገባለች። ወንድማቸው አየልኝ ሽማግሌ ላከ፣ ለመነ፣ ተቆጣ። አልሆነም። «እንግዲህ ከሞትኩ በሬሳዬ ላይ ትታረቁ ይሆናል» ብሎ ተወው።

አሁን ወደ ሰርጉ ልውሰዳችሁ።

ጥር ነው፤ የሰርግ ወር። አየልኝ ወንድ ልጁን ዳረ። መቼም የወንድም ልጅ ሰርግ ነውና ሁለቱም እህቶች አልቀሩም። አንደኛዋ ከዳሱ በወዲህ ጫፍ፣ ሌላዋ በወዲያ ጫፍ ተቀመጡ። በመካከላቸው ሰው ሁሉ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨፍራል። እነሱ ግን ዓይናቸው እንዳይገጣጠም ብቻ ይጠነቀቃሉ። ሰርግ ላይ ተቀምጦ አንገትን ወደ አንድ ወገን ብቻ ማዞር ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከራችሁት ታውቁታላችሁ!

ሙሽራው አንድ ሚዜ ነበረው፤ መምህር ልየው ይባላል። በወረዳው ከተማ ሳይንስ ያስተምራል። ደግ ሰው ነው፣ ሳቂታ ነው፤ አንድ አመል ግን አለበት። ማታ ማታ አንጋጦ ሰማይ ያያል። ሰው ሠራሽ ሳተላይቶች፣ በሕዋ የሚዞሩ መንኮራኩሮች ሲያልፉ ማየት ይወዳል። በከተማ ሲሆን የመንገዱ መብራት ሰማዩን ስለሚሸፍንበት፣ ገጠር የሚወስደው ነገር ካገኘ ደስታው ነው። በስልኩ ላይ የትኛው መንኮራኩር በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ የሚነግረው ነገር አለው።

ያን ማታም ስልኩ ነግሮታል፦ ገና በቅርቡ የመጠቁ ሳተላይቶች ተሰልፈው በዚያ ቀበሌ ላይ ያልፋሉ። እንዲህ ያለውን ነገር በፎቶ እንጂ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ሚዜው ምን አደረገ? ሙሽራውን ጥሎ ወጣ! ከቤቱ ኋላ ወዳለው አውድማ ሄዶ፣ ሱፉን እንደለበሰ፣ አበባውን ደረቱ ላይ እንደሰካ፣ አንጋጦ ቆመ።

ለማንም አልተናገረም። ጥፋቱም ይኸው ነው። ደስታው አፍኖት ረሳ።

ፀሐይ ከጠለቀች ገና ብዙ አልቆየም። ጨረቃ የለችም። ለዘፈኑ ያመጡት ጄኔሬተር ነዳጁ አልቆበት ቀጥ አለ፤ ዳሱ ጨለመ። ሰዉ «ኧረ ጧፍ! ኧረ ባትሪ!» ሲል፣ ልክ በዚያን ጊዜ ከአውድማው በኩል ጩኸት ተሰማ።

«መጡ! መጡ! ኧረ መጡላችሁ!»

ሴቶቹ ሌላ የሰርገኛ ቡድን የመጣ መስሏቸው «እልልልል!» አሉ። እንግዳ ለመቀበል ግር ብለው ወጡ። ወንዶቹም ተከተሉ። ቀና ሲሉ ምን አዩ?

ከምዕራብ ከተራራው ጫፍ አንድ ብርሃን ወጣ። ተከትሎት ሌላ። ተከትሎት ሌላ። ደግሞ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። በአንድ ክር እንደተሰካ ዶቃ፣ ተሰልፈው፣ ቀጥ ብለው፣ ያለ አንዳች ድምፅ ወደ ዳሱ አናት ይመጣሉ። ብልጭ ድርግም አይሉም፤ አይቸኩሉም። ዝም ብለው ይመጣሉ።

እልልታው በአፍ ላይ ደረቀ።

አንድ አዛውንት «መላእክት ናቸው! ሰልፉን አታዩም?» አሉና ተንበረከኩ። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን ይስማ! «እግዚኦ!» የሚል አለ። መቋሚያውን የሚፈልግ አለ። ጠመንጃውን የሚፈልግ አለ፤ ማን ላይ ሊተኩስ እንዳሰበ እግዜር ይወቀው። ሙሽራውማ የሙሽሪትን እጅ ለቆ «እማዬ!» እያለ ወደ እናቱ ሮጠ። ሙሽሪት ይህን እስከ ዛሬ ታነሳበታለች አሉ።

የአየልኝ የእርሻ ጎረቤት አያ ደምሌ ደግሞ መሬት ላይ ተደፍተው ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ፦

«አየልኝ! አየልኝ ሆይ! የድንበሩን ድንጋይ ወዳንተ የገፋሁት እኔ ነኝ! በሬ ነው የገፋው ያልኩህ ውሸቴን ነው! ይቅር በለኝ!»

ሳቁ፤ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዓለም ሊያልቅ ነው ብትባሉ፣ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ እግራችሁ ወደ ማን ይሮጣል? ስሙ አሁን በልባችሁ መጣ አይደል? ያዙት። ወደ እሱ እንመለሳለን።

ጠጂቱ ልጇን ፈለገች፤ አባቱ አቅፎታል። ባሏ «ወደዚህ ነይ!» እያለ ይጠራታል። እሷ ግን አልሄደችም። በዚያ ትርምስ መካከል ሰው እየገፋች፣ ወንበር እየገለበጠች ዳሱን አቋርጣ ወደ ወዲያኛው ደጅ ትሮጣለች። ከአፏ የሚወጣውን ቃል መጀመሪያ ራሷም አልሰማችውም።

«እትዬ! እትዬ፣ የት ነሽ? እትዬ!»

«እዚህ ነኝ ጠጂዬ! እዚህ ነኝ!»

በጨለማው ውስጥ ተጋጩ ማለት ይቀላል። ተያያዙ፤ ጭምቅ አድርገው ተያያዙ።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለች ታናሺቱ። «ይህን ሳልልሽ አልሙት። ይቅር ብዬሻለሁ። አንቺም ይቅር በይኝ፤ ደጄ ላይ አቁሜ መልሼሻለሁ።»

ታላቂቱ ማልቀስ ጀመረች። «ያን ቀን የመጣሁት እኮ የእማዬን ቃል ልነግርሽ ነበር» አለቻት። «እኔ አይደለሁም ያስከለከልኩት። እሷ ናት። እጄን ይዛ ‹ጠጂዬ አራስ ናት፤ ብትሰማ ትነሣለች፣ ያንን ገደል ትወርዳለች፣ ወተቷም ይደርቃል፤ ልጁ ጠግቦ ይደግ፣ ለእኔ ኋላ ታለቅስልኛለች› አለችኝ። አስማለችኝ። በስምሽ እየጠራችሽ ነው ያረፈችው።»

«እና ለምን ዝም አልሽኝ? ሰው አትልኪልኝም ነበር?»

«ኮራሁ» አለች የሺመቤት። «በር ስትዘጊብኝ ከፋኝ፤ ‹በራሷ ጊዜ ትምጣ› ብዬ ኮራሁ። ሲቆይ ደግሞ አፈርኩ።»

ሁለቱም አለቀሱ። በላያቸው ላይ ያ የብርሃን ሰልፍ ያልፋል፤ ማን ያየዋል! ወደ ምሥራቅ ሲደርሱ መብራቶቹ ተራ በተራ ድርግም ብለው ጠፉ። ሰማዩ እንደ ድሮው ሆነ።

ዓለምም አላለቀችም።

ያን ጊዜ መምህር ልየው ከአውድማው እየሮጠ ደረሰ። ፊቱ በደስታ ቦግ ብሏል። «አያችሁ? አያችኋቸው አይደል? አያምሩም?» ይላል። ሰዉ መሬት ላይ ተንበርክኮ ሲያገኘው ደነገጠ።

«ምንድን ናቸው?» አለው አየልኝ።

«ሳተላይት ናቸው እኮ ጋሼ! ለኢንተርኔት የሚላኩ። በአንድ ሮኬት ተጭነው ስለሚመጥቁ ለጥቂት ቀን እንደዚህ ተሰልፈው ይሄዳሉ። ለእኛ ፀሐይ ጠልቃለች፤ እነሱ ከፍ ብለው ስላሉ ፀሐይ ገና ታገኛቸዋለች፤ ለዚያ ነው የሚያበሩት። የምድር ጥላ ውስጥ ሲገቡ ይጠፋሉ። አልነገርኳችሁም እንዴ?»

ተንበርክኮ የነበረው ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ። ጠመንጃ የያዘው ጠመንጃውን ከኋላው ደበቀ። አንዲት ሴት ሳቋን መቆጣጠር አቃታትና ፈነዳች። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ሆዱን እየያዘ፣ እየተደጋገፈ ሳቀ።

አያ ደምሌ ቀስ ብለው ወደ አየልኝ ጠጋ አሉ። «ያ ያልኩት ነገር... ደንግጬ ነው እንግዲህ። ሰው ሲደነግጥ የማይለው የለም።»

«አያ ደምሌ» አለ አየልኝ እየሳቀ፣ «እግዚአብሔርም ሰማ፣ ሰርገኛውም ሰማ። ነገ ድንጋዩን አብረን እንመልሰዋለን። አሁን ይብሉ፣ ይጠጡ፤ ይቅር ብያለሁ።»

ሳቁ ጋብ ሲል የሰዉ ዓይን ወደ አንድ ቦታ ሄደ። ሁለቱ እህቶች እንደተቃቀፉ ናቸው። ባትሪ አብርተው ሲያዩአቸው አየልኝ አፉን በእጁ ያዘ።

ምእመናን፣ እዚህ ላይ ትንፋሻችሁን ያዙልኝ። የታሪኩ አስጨናቂ ቦታ ሰማዩ ላይ አልነበረም፤ እዚህ ነው። ምክንያቱም አሁን ፍርሃቱ የለም። ዓለም አላለቀችም። ነገ ይነጋል። ሰዉ ሁሉ ያያታል። አያ ደምሌ እንኳ ቃላቸውን ሊመልሱ ሞክረዋል። ጠጂቱስ?

የሺመቤትም ይህ ገባት። ክንዷን ላላ አደረገች። ዝቅ ባለ ድምፅ «ጠጂዬ፣ ደንግጠሽ ከሆነ... አልይዝሽም። ተሳስቼ ነው ካልሽም አልቀየምሽም። አንዴ ‹እትዬ› ስትዪኝ ሰምቻለሁ፤ ይበቃኛል» አለቻት።

ጠጂቱ እህቷን አየቻት። አንገቷን ቀና አድርጋ ባዶውን ሰማይ አየች። ከዚያ ፊቷ ሁሉ ሳቅ ሆነ።

«እትዬ፣ ሰማዩ ቢያታልለኝ እኔ አላታለልኩሽም። ሁሉም አለቀ ብዬ ሳስብ ልቤ ውስጥ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ። በየዓመቱ ለመምጣት ሰበብ ስፈልግ ነው የኖርኩት። ዛሬ ሰበቡ ከሰማይ መጣልኝ፤ እንዴት እመልሰዋለሁ?»

እልልታው! ያን እልልታ ብትሰሙት! ሙሽሮቹ ሲገቡ እንኳ እንዲያ አልተባለም። ጄኔሬተሩ ነዳጅ እስኪቀዳለት ማን ይጠብቃል? በጭብጨባ፣ በከበሮ ተጀመረ። ሁለቱ እህቶች መሐል ገብተው ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ጨፈሩ። አየልኝ ዕንባውን በጋቢው እየጠረገ «እኔ የዳርኩት ልጄን ነው ወይስ እህቶቼን?» ይላል። መምህር ልየውንም ትከሻ ላይ አውጥተው አዞሩት፤ ምን እንዳደረገ ገና በቅጡ ባይገባውም።

በማግሥቱ ሲመሽ ደግሞ አውድማው በሰው ሞላ። መምህሩ «ዛሬ የምትመጣው ትልቋ መንኮራኩር ናት» ብሏቸዋል። እየዞረ ያስተምራቸዋል፦ እያብለጨለጨ የሚሄድ ካያችሁ አውሮፕላን ነው፤ ቦግ ብሎ ወዲያው የጠፋ ተወርዋሪ ኮከብ ነው፤ ሳያብለጨልጭ ቀጥ ብሎ ረጋ ብሎ የሚሄድ ካያችሁ እሱ ነው። ሁሉም አንጋጦ ይሻማል። መጀመሪያ ያየቻት ጠጂቱ ናት።

«ያቻትና! ያቻትና እትዬ! በጣቴ በኩል እይ!»

ደማቅ ናት፤ ከኮከብ ሁሉ ትደምቃለች። በዝምታ በላያቸው ታልፋለች።

«በዚህችኛዋ ውስጥ ሰው አለ» አለ መምህሩ።

«ሰው?» አለች የሺመቤት። «አሁን? እዚያ ላይ?»

«አሁን። ለወራት ይቀመጣሉ።»

«እናት፣ እህት፣ ወንድም የላቸውም?»

«አሏቸው እንጂ።»

«ታዲያ ሲናፍቋቸው ምን ያደርጋሉ?»

«ይደውሉላቸዋል። መልካቸውን እያዩ ይነጋገራሉ፤ ‹እንዴት ዋላችሁ› ይባባላሉ።»

እህትማማቾቹ ተያዩ። ታላቂቱ ራሷን ነቀነቀች። «አየሽ ጠጂዬ፣ ከሰማይ ላይ ሆነው ይጠያየቃሉ። እኛ አንድ ገደል አቅቶን!» አለች። ከዚያ ሁለቱም ነጠላቸውን አውልቀው፣ መንኮራኩሯ እስክትጠፋ ድረስ፣ ወደ ላይ እያውለበለቡ «ደህና ግቡ! ደህና ግቡ!» እያሉ ሸኟት።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

ጠጂቱ ዓለም ያለቀች መሰላት፤ በዚያ ተሳስታ ነበር። ወደ እህቷ በመሮጧ ግን አልተሳሳተችም። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፦ በዚያች ቅጽበት ምንም አዲስ ፍቅር አልተፈጠረም። ፍቅሩ እዚያው ነበር፤ በየዓመቱ ሰበብ ይፈልግ ነበር። ከላዩ የተጫነውን ኩራት የሚያነሣለት ነው ያጣው። እናንተስ? የተቀየማችሁት ሰው ደጃፍ ሲታያችሁ የሚያማችሁ ለምን ይመስላችኋል? የጠላነው ሰው እንዲህ አያመንም። ያመማችሁ ስለምትወዱት ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ጥፋተኛው እሱ ነው» ትላላችሁ። ይሁን። ግን ሰምታችሁታል? ወይስ ሊነግራችሁ ሲመጣ በሩን ዘጋችሁበት? በዚያ በር ማዶ የእናታችሁ ቃል ቆሞ ይሆናል እኮ! አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «አንዴ ሄጃለሁ፤ ከዚህ በኋላ በራሱ ይምጣ» ትላላችሁ። የሺመቤትም እንዲሁ ብላ ነበር። ምን አተረፈች? የሕፃኑን መዳህ አላየችም፣ የመጀመሪያ ጥርሱን አላየችም። አክስት ሳለች እንግዳ ሆና ቀረች።

ምን እንጠብቃለን? ሰማዩ እስኪሰለፍልን? ምድር እስክትናወጥ? ጌታ የሚመጣበትን ሰዓት አልነገረንም፤ ዛሬን ግን በእጃችን ሰጥቶናል። ዛሬን! ሐኪሙ «ቤተሰብ ጥሩላቸው» ከማለቱ በፊት። የለቅሶ ድንኳን ውስጥ በሬሳ ላይ ከመታረቅ በሰርግ ዳስ ውስጥ መታረቅ አይሻልም? እየሳቁ፣ እየጨፈሩ፣ ገና አብሮ የሚበላበት ዕድሜ ሳለ!

ቅድም ያዙት ያልኳችሁ ስም ነበር። አሁንም ልባችሁ ላይ አለ? እንግዲህ እሱን ሰው ዛሬ ጥሩት። ምን እንደምትሉ አትጨነቁ፤ ጠጂቱ የተናገረችው አንድ ቃል ነው። «ወንድሜ» በሉት። «እትዬ» በሏት። «አባዬ» በሉ። የቀረውን ዕንባው ይናገረዋል፤ ቀጥሎ ደግሞ ሳቁ ይመጣል፤ እኔ እነግራችኋለሁ፣ ሳቁ ይመጣል!

በዚህ ጉባኤ ውስጥም ቢሆን፣ ሲወጡ ላለመገናኘት አንዳቸው በዚህ በር፣ አንዳቸው በዚያ በር የሚወጡ ሰዎች አሉ። ማን እንደሆኑ አልጠይቅም፤ ራሳቸው ያውቁታል። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ።

ዛሬ በአንድ በር ውጡ።